ዕጣው በማን ላይ ይውጣ?

የማኅበራችን የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ በምን ይዋል የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ሰንብቷል። ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው፤ አዳራሹ አንድ፣ የድምፅ ማጉያው አንድ፣ ሰዓቱም ሁለት ብቻ ነውና። አንዳንድ ጓደኞቻችን ጊዜው ሙሉ በሙሉ ለውድድር ክርክር ይሰጥ፣ ቡድን ይቋቋም፣ ዳኞች ይሠልጥኑ፣ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተወዳድረን ዋንጫ እናምጣ ይላሉ። እኛ ደግሞ ጊዜው ለድንገተኛ ንግግር ይሁን እንላለን። ባለፈው ስብሰባ ተቃዋሚዎቻችን እንደ ሙያቸው አሳምረው ስለ ተናገሩ ጭብጨባውን ወስደውታል። ጭብጨባ ግን ማስረጃ አይደለምና ነገሩን በጽሑፍ ልናቀርበው ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወቅ። የውድድር ክርክር የምንለው በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የተለመደውን፣ የእንግሊዝን ፓርላማ ሥርዓት የሚከተለውን ውድድር ነው። በአንድ ክርክር አራት ቡድኖች ይገባሉ፤ በያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱ ቡድኖች መንግሥት ሆነው የቀረበውን ሐሳብ ይደግፋሉ፤ ሁለቱ ተቃዋሚ ሆነው ይነቅፋሉ። ርእሱ ከተነገረ በኋላ ለመዘጋጃ 15 ደቂቃ ይሰጣል። እያንዳንዱ ተናጋሪ 7 ደቂቃ ይናገራል፤ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በስተቀር ተቃራኒው ወገን ብድግ ብሎ ጥያቄ ሊጥልበት ይችላል። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1981 በግላስጎው ከተጀመረ ወዲህ ዓለምን ዞሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መባቻም እዚሁ በአፍሪካችን በኬፕታውን ተካሂዷል። ስለዚህ የናቅነው ነገር አይደለም። ነገር ግን ማን የትኛውን ወገን ይዞ እንደሚከራከር የሚወስነው ተከራካሪው አይደለም፤ ዕጣ ነው።

ድንገተኛ ንግግር ሌላ ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ውድድር እንደሚደረገው ተናጋሪው ከተጻፉት ጥያቄዎች ሦስት ያወጣል፤ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል፤ 30 ደቂቃ ተቀምጦ ያነበበውን ይሰበስባል፤ ከዚያ ቆሞ ለ7 ደቂቃ መልሱን ይናገራል። ድንገተኛ ሲባል ያልታሰበበት ማለት እንዳይመስላችሁ። ጥያቄው ነው ድንገተኛው፤ ዕውቀቱ ግን ከዚያ ቀን በፊት የተጠራቀመ መሆን አለበት። መልሱም የተናጋሪው የራሱ ነው። «ዕጣ ሰጠኝ» ብሎ የሚያመካኝበት በር የለውም።

የውድድር ክርክር ጥቅም እንዳለው አንክድም። የሌላውን ቃል ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥን፣ ከሰባት ደቂቃ ንግግር ውስጥ የነገሩን ጅማት ፈልጎ መያዝን፣ ሳይቆጡ መመለስን ያስተምራል። በስብሰባ ላይ አንድ ሰው በተናገረ ቁጥር ግማሹ አዳራሽ በስልኩ ሲጫወት ለምናይ ለእኛ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም። እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቻችን ጋር አንጣላም።

የምንጣላው በዕጣው ነው። አንድ ተማሪ ዛሬ ጠዋት የቡና ላኪ ግብር ይጨመር ብሎ ይማልዳል፤ ከሰዓት በኋላ ዕጣው ሲዞር ግብሩ ይነሣ ብሎ ይምላል፤ ማታ ዋንጫውን ይዞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጠዋት የተናገረው እውነት ነበር ወይስ ከሰዓት በኋላ የተናገረው? ብንጠይቀው ይስቅብናል። ጥያቄው የዋህነት ይመስለዋል። እኛ ያደግንበት አገር ግን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባልበት ነው። አባቶቻችን ይህን ያህል ከባድ ነገር የተናገሩት ለቃል ምን ያህል ዋጋ ቢሰጡ ነው! እኛ ደግሞ ያንን ቃል በየቅዳሜው በሳንቲም ጀርባና ፊት ልናወጣው ነው?

ቃል ከተናጋሪው ሲለይ ምን እንደሚመስል ከውጭም ማየት ይቻላል። በየካቲት 1925 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ተማሪዎች በታወቀው የክርክር ማኅበራቸው ተሰብስበው፣ በምንም ሁኔታ ለንጉሣቸውና ለአገራቸው እንደማይዋጉ በ275 ድምፅ በ153 ላይ ወሰኑ። በእርግጥ ያን ቀን ድምፁ በዕጣ አልተሰጠም። ነገር ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ ከዚያው ትውልድ ብዙው የጦር ልብስ ለበሰ። ያን ምሽት የተናገሩት ከልባቸው ነበር ወይስ ንግግሩ ስላማረ እጃቸውን አወጡ? ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይነታረኩበታል። በክርክር አዳራሽ የተባለ ነገር ተናጋሪውን ምንም አያስከፍለውምና እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሁልጊዜ ይከተለዋል።

ተቃዋሚዎቻችን አንድ ብርቱ መልስ አላቸው። «ሰው የማያምንበትን ወገን ይዞ ሲከራከር የሌላውን ሰው ችግር ይረዳል፤ ትሕትናም ይማራል» ይላሉ። ይህን ቃል ብዙ አስበንበታል። እስቲ ከደጃችን ባለው ነገር እንፈትነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። በዲላ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በገደብ ሰው በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አድሯል። ከእኛ መካከል ያን ጊዜ ልጅ ሆኖ በዚያ ውስጥ ያለፈ አለ፤ ከጌዴኦም አለ፣ ከጉጂም አለ፤ ዛሬ በአንድ ክፍል በአንድ ወንበር ይማራሉ። እንግዲህ ይህን ጉዳይ ርእስ አድርጋችሁ ዕጣ አውጡበት! የተፈናቀለውን ልጅ «አንተ የመፈናቀሉን ተገቢነት አስረዳ» በሉት! አታደርጉትም፤ ደፍሮ የሚያደርገው ሰውም ቢገኝ አዳራሹ አይፈቅድለትም። ለምን? ነገሩ እውነተኛ ስለ ሆነ ነው። እውነተኛ ለሆነው ነገር ዕጣ የማይመች ከሆነ፣ ዕጣ የሚመቸው ለማይነካን ነገር ብቻ ነው ማለት ነው። ስለማይነካን ነገር ዓመቱን ሙሉ ስንከራከር ከርመን ምን ልንሆን ነው?

የሌላውን ሰው ችግር ለመረዳት አጭሩ መንገድ ያ ሰው ራሱ ሲናገር መስማት ነው። የጉጂው ልጅ የጌዴኦውን ልጅ ሚና ይዞ ሰባት ደቂቃ ከሚጫወት፣ የጌዴኦው ልጅ ራሱ ተነሥቶ ይናገር፤ ቀጥሎም የጉጂው ልጅ ይናገር። ሽማግሌዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጎንዶሮ በሚባለው፣ ሁለቱም ሕዝቦች በሚያውቁት የዕርቅ ሥርዓት ላይ የሚቀርበው በዳይና ተበዳይ ራሱ ነው እንጂ ሚናውን በዕጣ ያገኘ ተዋናይ አይደለም።

ሁለተኛው መልሳቸው ወደ አገር ታሪክ ይሄዳል። «በልሃ ልበልሃን ረሳችሁን? ኢትዮጵያዊ ከጥንት ተከራካሪ ነው» ይላሉ። አልረሳንም፤ ይልቁንም ይህ ምሳሌ ከእኛ ወገን ነው የሚቆመው። በልሃ ልበልሃ የሚለው ሰው በዳኛ ፊት የሚቆመው ስለ ራሱ ርስት፣ ስለ ራሱ ከብት፣ ስለ ወንድሙ ደም ነበር። ፈረስ፣ በቅሎ ወይም ማር እያለ ሲወራረድ የሚከፍለው ከገዛ ቤቱ ነው። እሰጥ አገባ የሚለው ቃላችን የመጣው ከዚህ ነው፤ የሚሰጥ ነገር የሌለው አይገባም ነበር። ንግግሩም ተጽፎ የተያዘ አልነበረም። ተከራካሪው የባላጋራውን ቃል ሰምቶ፣ ቆሞ፣ ዘንጉን ይዞ፣ እዚያው አስቦ ይመልሳል። አላፊ አግዳሚው የመንገድ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ይሰማዋል። እንግዲህ ይህ ክርክር ነው ወይስ ድንገተኛ ንግግር? ባለጉዳዩ ስለ ጉዳዩ በድንገት የሚናገረው ንግግር ነው። በእርግጥ ስለ ሌላው ሰው የሚሟገት ነገረ ፈጅም ነበር። ሕዝቡ ነገረ ፈጁን ሲያስፈልገው ይቀጥረዋል፤ ልጁን ግን «እንደ እርሱ ሁን» ብሎ አይመርቅም ነበር።

የቅኔውንም ቤት ብንመለከት እንዲሁ ነው። ተማሪው በቃሉ አስቦ ያመጣውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ጓደኛውን ረትቶ ዋንጫ አይወስድም፤ የሚፈተነው በገዛ ራሱ ዕውቀት ነው።

የሕግ ተማሪዎች እዚህ ላይ ቅር እንደሚላቸው እናውቃለን። ተከሳሽ ማንም ይሁን ጠበቃ የማግኘት መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ተጽፏል፤ ስለዚህ ጠበቃ የማያምንበትን ሰው ወግኖ መቆም ሊኖርበት ይችላል። እውነት ነው። ለዚያም የምስለ ችሎት ውድድር አላቸው፤ ይቀጥሉበት። ነገር ግን ከዚህ ግቢ የሚወጣው ሁሉ ጠበቃ አይደለም። አብዛኞቻችን መምህራን፣ ነርሶች፣ የእርሻ ባለሙያዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞች እንሆናለን፤ የምንመደበውም በቡሌ፣ በኮቸሬ፣ በወናጎ ወይም ከዚያ በራቀ ቦታ ነው። እዚያ የሚጠብቀን ምን ዓይነት ንግግር ነው?

አንድ ነገር እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዶላሩም በብር ሲመነዘር ዋጋው በጣም ጨመረ። ቡና የሚሸጠው በዶላር ነው። እንግዲህ አንድ የይርጋ ጨፌ ገበሬ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «የእኔ እሸት ቡና ዋጋ በዚያው ልክ መጨመር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ልዩነቱ የት ገባ?» ብሎ የተማረውን ልጅ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል?

በውድድር ክርክር ይህ ነገር «ይህ ምክር ቤት የምንዛሪውን ለውጥ ይደግፋል» የሚል ርእስ ይሆናል። ግማሹ ተከራካሪ ገበሬው ተጠቀመ ይላል፤ ግማሹ ተጎዳ ይላል። አንዱም ገበሬ አልጠየቀም። ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው ገበሬው እንዴት እንደ ሆነ ላወቀ ሳይሆን ነገሩን አቀነባብሮ ለተናገረ ነው። ከተጨበጨበ በኋላ ገበሬው እዚያው ከጥያቄው ጋር ቀርቷል።

ጥያቄውን ግን ለድንገተኛ ተናጋሪ ስጡት። ሠላሳ ደቂቃ አለው። ቢያንስ ይህን ማወቅ አለበት፦ እሸት ቡናው ከገበሬው እጅ ወጥቶ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ እንደሚሄድ፣ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ ስድስት ኪሎ እሸት እንደሚያስፈልግ፣ በመካከል አቅራቢ፣ ማጓጓዣ፣ የባንክ ወለድ እንዳለ፣ ቡናው በምርት ገበያ በኩል ሲሸጥና በቀጥታ ወደ ውጭ ሲላክ መንገዱ የተለያየ እንደሆነ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት የሚገኝ የትርፍ ክፍፍልም እንዳለ። ይህን ካላወቀ ሰባቱ ደቂቃ ሰባት ዓመት ይሆንበታል። ካወቀም «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» ብሎ በስሙ ይናገራል። ከታች ደግሞ የቡና ገበሬ ልጅ ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ስድስቱን ኪሎ ሦስት ቢለው ዝም አይለውም። ይህ ልምምድ ነው ወናጎ ድረስ የሚያደርሰን።

በዚህ አካባቢ የተናጋሪ ማጣት ምን እንዳስከተለ ታሪኩ አለ። በ1952 ዓ.ም. ምችሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬዎች ከባለርስቶች ጋር ተጋጭተው ደም ፈሷል። ምክንያቱ የቡናው ድርሻና የመሬቱ ግብር ነበር። ገበሬዎቹ በደላቸውን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ሸንጎም ይናገሩት ነበር። የጐደለው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ በዚያ ቋንቋ፣ በዚያ ሥርዓት ቆሞ የሚያስረዳላቸውና የሚሰማቸው ነው። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩት ታላላቆቻችን ንግግርና ክርክር ይለማመዱ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ግን «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን በተማሪዎቹ ጋዜጣ በ«ታገል» ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ፣ አቋሙን ከቆብ ውስጥ ያወጣ አንድም አልነበረም። በሐሳቡ የሚስማማ አለ፤ የማይስማማ አለ፤ እኛም በመካከላችን አንድ አይደለንም። የሚያከራክረን ግን ሰውየው የምሩን ስለ ተናገረ ነው። በዕጣ የተናገረ ቢሆን ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ማን ያነሣው ነበር?

ተቃዋሚዎቻችን የ1997ቱን የምርጫ ክርክር ማንሣታቸውም አልቀረም። ያን ጊዜ ሰው በየቤቱና በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ከቦ ያዳመጠው፣ ወላጆቻችን እስከ ዛሬ የሚያወሩት ክርክር ነው። ነገር ግን እዚያ የቀረበው እያንዳንዱ ፓርቲ የራሱን መርሐ ግብር ይዞ ነው፤ ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ኢኮኖሚ የሚጠየቀውን እዚያው ይመልሳል። አገር የወደደው ዕጣ ያልነካውን ክርክር ነው። ደግሞ ከዚያ በኋላ የሆነውንም እናስታውስ። ክርክሩ አለቀ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ በሰኔና በጥቅምት በአዲስ አበባ ጎዳና የሰው ሕይወት ጠፋ። መከራከርን የሚያውቁ ሰዎች በዝተው፣ ከክርክር በኋላ አብሮ መቀመጥን የሚያውቁ ግን አነሱ።

አብሮ መቀመጥን የሚያውቁት እዚሁ አጠገባችን ናቸው። ሶንጎ በጌዴኦ የሽማግሌዎች ጉባኤም፣ የሚሰበሰቡበት ቦታም ስም ነው። ሃይቻ የሚባሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ባለጉዳዩን ይሰማሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ ነገሩ የሚያልቀው ስምምነት ሲገኝ ነው። በሶንጎ ያላለቀው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ በባሌ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚረካከቡ አባ ገዳዎች አሉ። በዚህ ጉባኤ «አንደኛ ወጣ» የሚባል ተናጋሪ የለም። ንግግሩ ያማረለት ሰው ይከበራል፤ ነገር ግን የሚለካው ጠቡ በመብረዱ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ትክል ድንጋዩና የእንሰትና የቡናው ጥምር እርሻ ብቻ አይመስለንም፤ ያንን ዛፍ ሳይቆረጥ ያቆየው ሥርዓትም አብሮ ተቆጥሯል። ሥርዓቱ ደግሞ በንግግር የሚኖር ነው።

ይህን ስንል ሶንጎን እንዳለ አንሥተን አዳራሻችን ውስጥ እንትከል ማለታችን አይደለም። ሶንጎ በብዛት የወንድ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ሴት ተማሪዎቻችን ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው እንዲሰሙ አንፈልግም። ይህም ደግሞ ወደ ዕጣው ይመልሰናል።

በክርክር ቡድን ማን ነው የሚመረጠው? ጥሩ ትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ፣ እንግሊዝኛው የፈጠነ፣ ድምፁ የጐላ። በየዓመቱ እነዚያው ስድስት ሰባት ሰዎች ይናገራሉ፤ ሌሎቻችን እናጨበጭባለን። ገንዘቡም የሚወጣው ለእነርሱ ጉዞና ለእነርሱ ሆቴል ነው። ከቡሌ ደጋ መጥታ በክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጅዋን አውጥታ የማታውቅ ተማሪ ዋንጫው ምኗ ነው? ዕጣ እንውደድ ካልን ዕጣውን በአቋም ላይ ሳይሆን በሰው ላይ እናውጣው። የሁላችን ስም በሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ስሙ የወጣው ሰው፣ ወንድም ሴትም ይሁን፣ ይነሣ። የሚናገረውን ጥያቄ ከሦስቱ ይምረጥ፤ የሚያምንበትን ግን ማንም አይምረጥለት።

የድንገተኛ ንግግር ጠንቅ አይታየንም እንዳትሉን። ለፍላፊ ሊያበዛ ይችላል። የሚቃወመው ስለሌለ ሰባት ደቂቃ እንደ ሰባኪ አውርቶ የሚወርድ ሰው ይኖራል። ድምፁ ያማረ መሃይም ከሚንተባተብ አዋቂ ይልቅ ሊጨበጨብለት ይችላል። ስለዚህ ከክርክር አንድ ነገር እንወስዳለን፤ እርሱም ጥያቄው ነው። ተናጋሪው ሲጨርስ ከአዳራሹ አምስት ጥያቄ ይቀበል፤ ቁጥር ከጠራ ከየት እንዳገኘው ይናገር፤ «አላውቅም» ማለት አያሳፍረው፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ መናገር ግን ይጻፍበት። በዘመናችን ሁለት ወገን ያለው የክርክር ጽሑፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በስልክ ጠይቆ በአንድ ደቂቃ ማግኘት ይቻላል፤ ለድጋፍም ለተቃውሞም እኩል አሳምሮ ይጽፍላችኋል። ለሁለት ወገን እኩል ማማር ማሽን ከቻለው፣ እኛ ዓመት ሙሉ የምንደክምበት ምክንያት ምንድር ነው? ማሽኑ የማይችለው ቆሞ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ከፊቱ ለተቀመጠው ሰው መልስ መስጠት ነው።

የቋንቋው ነገር ቀርቷል። የውድድር ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚሉት ዋንጫው ያለው በዚያ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ያስፈልገናል፤ ለትምህርት ዕድልም ለሥራም ይጠየቃል፤ ስለዚህ ከአራቱ ቅዳሜ አንዱ በእንግሊዝኛ ይሁን። በቀሩት ሦስቱ ግን ተናጋሪው በአማርኛ፣ በጌዴኡፋ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በሚቀናው ይናገር፤ የሚያስተረጉም ጓደኛ አይጠፋም። ነገ የምትታከመው እናት፣ ነገ የሚሰበሰበው ገበሬ በእንግሊዝኛ አይጠይቀንም። ስለ ወባ አጐበር በጌዴኡፋ ሰባት ደቂቃ መናገር የማይችል ነርስ፣ በኬፕታውን ዋንጫ ቢያገኝ ለቡሌ ምኑ ነው?

የክርክር ቡድኑ ይፍረስም አንልም። የሚወዱት ሰዎች በማክሰኞ ማታ ይሰብሰቡ፤ ሲሄዱም መንገዱን ያቅናላቸው፤ ዋንጫ ካመጡ ደስ ይለናል። የቅዳሜው አዳራሽ፣ የድምፅ ማጉያውና የማኅበሩ ገንዘብ ግን ለሁላችን ነው።

በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን ሐሳብ ለድምፅ እናቀርባለን። እስከዚያ ድረስ ለመጀመሪያው ቅዳሜ ያሰናዳናቸውን ሦስት ጥያቄዎች እነሆ። የምንዛሪው ለውጥ ለቡና ገበሬው ምን አመጣለት? በቅርስነት የተመዘገበ መሬት ላይ ቤት መሥራት የሚፈልግ ወጣት ምን ይባላል? ከ2010 ዓ.ም. መፈናቀል በኋላ በአንድ ክፍል የሚማሩ የሁለት ሕዝብ ልጆች ስለ ነገሩ መነጋገር ይገባቸዋልን፣ ከተገባቸውስ ማን ይጀምር? የስም ማስገቢያው ሳጥን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ከጋዜጣው ሰሌዳ ሥር ተቀምጧል። ወረቀት አጥፋችሁ፣ ሙሉ ስማችሁንና የትምህርት ክፍላችሁን ጽፋችሁ አስገቡ። የተቃዋሚዎቻችንም ስም ቢገባ ደስ ይለናል፤ ዕጣው ከወጣባቸው የምን ወገን እንደሆኑ ያን ጊዜ እንሰማቸዋለን።